ከአንድ ቦረቦር የሚጀምር ምርምር፦ የፊዚካል ጂኦግራፊን መሠረታዊ የጥናት ዘዴዎች በተግባር ለመማር የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ፊዚካል ጂኦግራፊ የመሬትን ገጽታ፣ አፈርን፣ ውሃን፣ የአየር ንብረትንና ዕፅዋትን እርስ በርስ ካላቸው ግንኙነት ጋር የሚመረምር የዕውቀት ዘርፍ ነው። በክፍል ውስጥ ስንማረው ግን አብዛኛውን ጊዜ የደጋንና የቆላን ከፍታ፣ የወንዞችን መነሻና መድረሻ በቃል ከማጥናት አልፈን አንሄድም። የመመረቂያ ጽሑፍ የምናዘጋጅበት ጊዜ ደርሶ ሜትርና ደብተር ይዘን መስክ ላይ ስንቆም ደግሞ ከየት እንደምንጀምር፣ ምን እንደምንለካ፣ የለካነውንም ምን እንደምናደርገው ግራ ይገባናል። ይህ መመሪያ የተጻፈው በዚያ ሁኔታ ላይ ላለ ተማሪ፣ እንዲሁም ተማሪዎቹን ወደ መስክ ሊያወጣ ለሚፈልግ የጂኦግራፊ መምህር ነው።

ዘዴዎቹን ሁሉ በአንድ ምሳሌ ላይ ማሳየትን መርጫለሁ፤ ምሳሌውም በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ ውስጥ በየግጦሽ መሬቱና በየማሳው ዳር የሚታየው ቦረቦር፣ ማለትም ጎርፍ ቆርሶ የሚያወጣው ጥልቅ ቦይ ነው፤ ወደ ላይ እየገፋ የሚሄደው የላይኛው ጫፉ ራስ፣ የታችኛው መውጫው ደግሞ አፍ ይባላል። ቦረቦር ለጀማሪ አጥኚ ተስማሚ የሚሆነው በውድ መሣሪያ ሳይሆን በሜትር፣ በሲባጎና በችካል ስለሚለካ፣ ለውጡም በአንድ ክረምት ውስጥ በዓይን ስለሚታይ ነው። ከዚህም በላይ ዝናብን፣ ተዳፋትን፣ የአፈርን ጠባይና የሰውን የመሬት አጠቃቀም በአንድ ቦታ ስለሚያገናኝ፣ አንድን ቦረቦር በሚገባ ያጠና ተማሪ ወንዝን ወይም የመሬት መንሸራተትን ለማጥናት የሚያስፈልገውን ዘዴ አብዛኛውን በእጁ አድርጎታል።

አንደኛ፦ ጥያቄውን እስኪለካ ድረስ ማጥበብ

«የአካባቢ መራቆት በኢትዮጵያ፦ መንስኤውና መፍትሔው» የሚል ርዕስ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ብዙ ነው። ርዕሱ አሳሳቢ ጉዳይ የያዘ ቢሆንም ጥያቄ የለውም፤ ምን ቢለካ መልስ እንደሚያገኝም አይናገርም። በዚህ ዓይነት ርዕስ የሚጻፍ ጽሑፍ ሌሎች ያሉትን ሰብስቦ ከመድገም አያልፍም። በአንጻሩ «በዚህ የግጦሽ መሬት ላይ ያለው የቦረቦር ራስ በአንድ ክረምት ስንት ሜትር ወደ ላይ ይገፋል? ግፊቱስ ከየሳምንቱ የዝናብ መጠን ጋር ምን ያህል ይያያዛል?» ብሎ የሚነሳ ሰው ምን ይዞ እንደሚወጣ፣ መቼ እንደሚመለስና ምን ሲያገኝ ሥራውን እንደጨረሰ ያውቃል።

ጥያቄዎን ከጻፉ በኋላ በሦስት ነገሮች ይፈትኑት። በጥያቄው ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ነገር በቁጥር ወይም በግልጽ መለያ ሊመዘገብ ይችላል? ቦታው በእግርም ሆነ በትራንስፖርት ደጋግመው ሊደርሱበት የሚችሉት ነው? ለውጡ ባለዎት ጊዜ ውስጥ ሊታይ ይችላል? ከሦስቱ በአንዱ ከወደቀ ጥያቄውን ይቀይሩት እንጂ በተስፋ አይቀጥሉ። ቀጥሎም መላምትዎን አንድ ዓረፍተ ነገር አድርገው ይጻፉ፤ ከሥሩም ምን ዓይነት ውጤት ቢገኝ መላምቱ ስህተት እንደሆነ እንደሚቀበሉ ይጨምሩ። ለምሳሌ «ብዙ ዝናብ በጣለበት ሳምንት የቦረቦሩ ራስ ብዙ ይገፋል» ካሉ፣ ከባድ ዝናብ በጣለባቸው ሳምንታት ራሱ ሳይነቃነቅ ቆይቶ በቀላል ዝናብ ወቅት ቢናድ ሐሳብዎን ለመቀየር ዝግጁ መሆን አለብዎት። ይህን ከመስክ በፊት መጻፍ፣ በኋላ ቁጥሩን ወደምንፈልገው እንዳንጎትተው ይጠብቀናል።

የጊዜ ሰሌዳው የሚገዛው በዩኒቨርሲቲው ካላንደር ሳይሆን በወቅቱ ነው። ቦረቦርን ለመለካት ችካሉ በግንቦት መጨረሻ መተከል፣ ተከታታይ ልኬቱ ከሰኔ እስከ መስከረም መካሄድ፣ የመጨረሻው ልኬትም ዝናቡ ካባራና ዳርቻው ከደረቀ በኋላ በጥቅምት መደረግ ይኖርበታል። ሥራውን በጥር የሚጀምርና በሰኔ ማስረከብ ያለበት ተማሪ የክረምቱን ግፊት ሊለካ ስለማይችል፣ ጥያቄውን ቀድሞ ወደተከሰተ ነገር፣ ማለትም ቦረቦሩ እስከ ዛሬ ያጠበውን የአፈር መጠን ወደ መገመት ማዞር ይሻለዋል።

ሁለተኛ፦ ቀደም ብሎ የተሠራውን ማንበብ

በኢትዮጵያ የአፈር መሸርሸርን በመለካት ረገድ መነሻ የሚሆነን ሥራ በ1981 እ.ኤ.አ. ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ በወሎ ማይባር፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጀኒ፣ በሐረርጌ ሁንዴ ላፍቶ፣ በወላይታ ጉኑኖና በኢሉባቦር ዲዚ ጣቢያዎችን ከፍቶ ዝናብን፣ ጎርፍንና ጎርፉ ተሸክሞት የሚሄደውን አፈር ለዓመታት ሲለካ ቆይቷል። ለጀማሪ ትምህርት የሚሆነው የተፋሰሶቹ ትንሽነት ነው፤ የአንጀኒው ተፋሰስ ስፋት ወደ 113 ሄክታር ብቻ ሲሆን፣ ክብሩን ያገኘው ከስፋቱ ሳይሆን ከመዝገቡ ርዝመትና ከልኬቱ ጥንቃቄ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች ሁለንተናዊ የአፈር ብክነት ቀመር የሚባለውን፣ ስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ በ1985 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያ ሁኔታ ያስማሙትን ስሌት በኮምፒውተር አስልተው ቀለም የተቀባ ካርታ ያወጣሉ። ቀመሩ ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም የሚገምተው በማሳው ገጽ ላይ በስሱና በትንንሽ መስመሮች የሚታጠበውን አፈር ነው እንጂ ቦረቦር የሚወስደውን አይቆጥርም። አንድ ስሌት ምን እንደማይለካ ሳያውቁ ውጤቱን መጥቀስ አንባቢን ማሳሳት ነው።

ሦስተኛ፦ ከካርታና ከሳተላይት ምስል መጀመር

በኢትዮጵያ ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው መደበኛ ካርታ መለኪያው 1፡50,000 የሆነው የቶፖግራፊ ካርታ ነው፤ በካርታው ላይ ያለ 2 ሴንቲሜትር በመሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በካርታው ላይ ቦረቦሩ ያለበትን ቦታ ካገኙ በኋላ፣ ከዚያ ነጥብ በላይ የሚዘንበው ውሃ በሙሉ ወደ እሱ የሚፈስበትን ክልል፣ ማለትም ተፋሰሱን በእርሳስ ይክለሉ። ኮንቱር የሚባሉት የከፍታ መስመሮች ሸለቆን ሲያቋርጡ ጫፋቸውን ወደ ላይኛው የውሃ መነሻ አቅጣጫ ያሾላሉ፤ በሸንተረር ላይ ሲያልፉ ደግሞ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ያሾላሉ። የተፋሰሱ ወሰን ሸንተረሩን ሸንተረሩን ይዞ ኮንቱሮቹን በቀጥታ እያቋረጠ የሚሄድ መስመር ነው። ስፋቱን ለማግኘት በሚሊ ሜትር ወረቀት ላይ ገልብጦ ካሬዎቹን መቁጠር በቂ ነው፤ በዚህ መለኪያ አንድ ካሬ ሴንቲሜትር 25 ሄክታር ይሆናል። ተፋሰሱ ከጥቂት ሄክታር የማይበልጥ ከሆነ ግን ካርታው ስለማይበቃ፣ በእግር እየዞሩ ወሰኑን በስልክ ጂፒኤስ መመዝገብ ያስፈልጋል።

የቆዩት የአገራችን ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የመነሻ ሥርዓት፣ ማለትም የነጥቦች አድራሻ በሚቆጠርበት መነሻ ሲሆን፣ የስልካችን ጂፒኤስ የሚጠቀመው ግን ደብሊው ጂ ኤስ 84 የሚባለውን ነው። ይህን ልዩነት ሳያስተካክሉ ከጂፒኤስ ያነበቡትን ነጥብ በካርታው ላይ ቢያሰፍሩ ከመቶ ሜትር በላይ ይስታሉ። ለአንድ ዞን ካርታ ይህ ስህተት አይታይ ይሆናል፤ ለአንድ ቦረቦር ግን ከሸንተረሩ ወዲያ ማዶ ያደርሳል።

የምስል ጥራትም እንዲሁ ከጥያቄው ጋር መመዛዘን አለበት። የላንድሳት ሳተላይት ምስል አንድ ነጥብ በመሬት ላይ 30 ሜትር በ30 ሜትር፣ የሴንቲኔል ሁለት ምርጥ ምስል ደግሞ 10 ሜትር በ10 ሜትር ይሸፍናል። አራት ሜትር ስፋት ያለውን ቦረቦር በላንድሳት ምስል እለያለሁ ብሎ መነሣት ከንቱ ድካም ነው። ላንድሳት ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስላለ የደንን ወይም የእርሻ መሬትን መስፋፋት ለማየት ያገለግላል፤ ቦረቦሩን ለማየት ግን በጉግል ኧርዝ ላይ ያሉትን ጥራት ያላቸው ምስሎች በየዓመታቸው እየከፈቱ ማወዳደር ይሻላል።

አራተኛ፦ ሳይለኩ መዞር፣ ሰውንም ማነጋገር

የመጀመሪያው የመስክ ቀን ልኬት የሌለበት ይሁን። ከቦረቦሩ አፍ ተነሥተው እስከ ራሱ፣ ከራሱም እስከ ተፋሰሱ ጫፍ ይራመዱ፤ ውሃ ከየት ተሰብስቦ እንደሚመጣ ይመልከቱ። ከማሳ ውሃ ለማስወጣት ገበሬው በማረሻ የሚያወጣው ፈሰስ ወደ ቦረቦሩ ያመራል? የከብት መሄጃ መንገድ ውሃውን ያሰባስባል? ከመንገድ ሥር የሚያልፍ ቱቦ ቀድሞ ተበታትኖ ይሄድ የነበረውን ጎርፍ በአንድ ቦታ ይለቀዋል? ዋልካ አፈር በሆነበት ቦታ ደግሞ በበጋ የሚሰነጠቀውን መሬት በጥንቃቄ ይዩ፤ ውሃ በስንጥቁ ገብቶ ከመሬት በታች መተላለፊያ እየቦረቦረ ይሄድና ጣሪያው ሲደረመስ ቦረቦሩ ከላይ ያልታየ መንገድ ይዞ ይወጣል።

ከቀበሌው አስተዳደር ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ ሆኖም ፈቃዱ ብቻውን አይበቃም። በመጀመሪያ የመስክ ሥራዬ ከአንድ ቦረቦር ራስ በላይ 12 የእንጨት ችካሎች ተክዬ ከሦስት ሳምንት በኋላ ስመለስ ያገኘሁት ሁለቱን ብቻ ነበር። የነቀሏቸው የአካባቢው ሰዎች ነበሩ፤ ሜትር ይዞ የሚዞርና ችካል የሚተክል እንግዳ ሲያዩ መሬታቸው ሊወሰድ የተለካ መስሏቸው ነበር። እኔ ግን ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ወረቀት ይዤ ስለነበር ሌላ ሰው ማስረዳት የሚያስፈልገኝ አልመሰለኝም ነበር። በቀጣዩ ዓመት የግጦሽ መሬቱን የሚጠቀሙትን አባወራዎችና እማወራዎች አንድ በአንድ አነጋግሬ፣ የምለካውን አሳይቼ፣ ከእረኞቹም ሁለቱን የሲባጎ ያዥ አድርጌ ስጀምር አንድ ችካል እንኳ አልጠፋም።

የአካባቢው ሽማግሌዎች የቦረቦሩን ታሪክ ከማንኛውም ምስል በላይ ያውቁታል። «ከስንት ዓመት በፊት ጀመረ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ሰው ግምቱን ወደ አሥርና ሃያ ያጠጋጋል። ስለዚህ ጥያቄውን ሁሉም ከሚያስታውሰው ነገር ጋር ያስሩት፤ «አባቴ፣ በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ከብት እዚህ ላይ ይሻገር ነበር? ደርግ ሲወድቅስ እዚያ ዋርካ ጋ ደርሶ ነበር? በሚሊኒየሙ ዓመትስ የት ነበር?» ብለው ይጠይቁ። መልሱን ከሌሎች ሦስት አራት ሰዎች መልስ ጋር ለየብቻ ያመሳክሩ፤ ከተስማሙ ነጥቡን በመሬት ላይ አብረው ሄደው ያሳዩዎትና በጂፒኤስ ይመዝግቡት። የቆየ ፎቶግራፍ ከተገኘም እጅግ ጠቃሚ ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በመንገዱ ላይ ያነሣቸውን ፎቶግራፎች ተመራማሪዎች ከ140 ዓመት በኋላ በዚያው ቦታ ቆመው እንደገና በማንሣት የትግራይንና የአካባቢውን የመሬት ገጽታ ለውጥ አጥንተዋል። እርስዎም ዛሬ የቆሙበትን ነጥብ፣ ካሜራው የዞረበትን አቅጣጫና ሰዓቱን መዝግበው ካነሡ፣ ፎቶግራፍዎ ለሚቀጥለው አጥኚ ልኬት ይሆንለታል።

አምስተኛ፦ ቦረቦሩን መለካት

ሁለት ነገር ይለካል፤ የራሱ ግፊትና የጉድጓዱ ይዘት። ለግፊቱ ከቦረቦሩ ራስ በላይ ከ8 እስከ 10 ሜትር ርቀት ላይ ቢያንስ ሦስት ችካሎች ይትከሉ። ከእያንዳንዱ ችካል እስከ ቦረቦሩ ከንፈር ያለውን ርቀት ሁልጊዜ በአንድ የኮምፓስ አቅጣጫ ይለኩ፤ አቅጣጫው ካልተጠበቀ የተለካው ግፊት ሳይሆን የእጅ መወላወል ነው። በሰኔ መጀመሪያ 8.40 ሜትር የነበረው ርቀት በመስከረም መጨረሻ 7.10 ሜትር ቢሆን ራሱ በዚያ አቅጣጫ 1.30 ሜትር ገፍቷል ማለት ነው። ችካሎቹ ቢጠፉም ቦታው እንዳይጠፋ፣ ከሁለት የማይነቃነቁ ነገሮች፣ ለምሳሌ ከትልቅ ዛፍና ከቋጥኝ ያላቸውን ርቀት አስቀድመው ይመዝግቡ።

ለይዘቱ ደግሞ ቦረቦሩን በየ10 ሜትሩ አቋርጠው ይለኩት። ሲባጎውን ከዳር እስከ ዳር ወጥረው የላይኛውን ስፋት፣ ከታች የወለሉን ስፋት፣ ከሲባጎው እስከ ወለሉ ያለውን ጥልቀት ይውሰዱ። የላይኛው ስፋት 4.2 ሜትር፣ የወለሉ 1.8 ሜትር፣ ጥልቀቱ 2.0 ሜትር ቢሆን፣ የሁለቱ ስፋቶች አማካይ 3.0 ሜትር በጥልቀቱ ሲባዛ የመስቀለኛ ገጹ ስፋት 6.0 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከ10 ሜትር በታች ያለው ቀጣዩ ገጽ 9.0 ካሬ ሜትር ከሆነ፣ የሁለቱ አማካይ 7.5 በ10 ሜትር ሲባዛ 75 ሜትር ኪዩብ አፈር ከዚያ ክፍል ሄዷል ማለት ነው። ዳርቻው ያልተስተካከለ ከሆነ ግን ጥልቀቱን በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በሲባጎው ላይ በየግማሽ ሜትሩ ይለኩ።

ስለ ደኅንነት በአጽንዖት የምናገረው አለኝ። ዝናብ እየጣለ ወይም ከላይኛው አገር ደመና ጠቁሮ ሳለ ወደ ቦረቦር አይግቡ፤ ሥሩ በውሃ ተበልቶ ከላይ ተንጠልጥሎ በቀረ ከንፈር ላይም አይቁሙ። ከከባድ ዝናብ ማግስት የሚደረገው ልኬት ከላይ ሆኖ ብቻ ይከናወን።

ስድስተኛ፦ ተዳፋቱን መለካት

የእርከን ሥራ ላይ የተሳተፈ ገበሬ ወይም የልማት ሠራተኛ ይህን ሥራ ከብዙ ተመራቂ የተሻለ ያውቀዋል፤ የሚያስፈልጉት የልኬት ምልክት የተደረገባቸው ሁለት ዘንጎች፣ 10 ሜትር ሲባጎና በሲባጎው መሃል የሚንጠለጠል ውሃ ልክ ናቸው። አንዱ ሰው ከላይ፣ ሌላው ከታች ዘንግ ይዞ ይቆማል፤ ሦስተኛው ሰው መሃል ላይ ሆኖ የውሃ ልኩ አረፋ መካከል ላይ እስኪቆም ድረስ ሲባጎው ከፍና ዝቅ እንዲል ያዛል። ሲባጎው በላይኛው ዘንግ ላይ 0.50 ሜትር፣ በታችኛው 1.70 ሜትር ላይ ከሆነ የከፍታው ልዩነት 1.20 ሜትር ስለሆነ ተዳፋቱ 12 በመቶ ነው። በመቶኛና በዲግሪ መካከል ያለውን ልዩነት ማምታታት የተለመደ ስህተት ነው፤ 12 በመቶ ወደ 7 ዲግሪ የሚጠጋ ሲሆን፣ 100 በመቶ ማለት ደግሞ 45 ዲግሪ ነው።

ሰባተኛ፦ አፈሩን መመርመር

የአፈሩን ዓይነት በእጅ መለየት ይቻላል። አንድ እፍኝ አፈር ውሃ ጨምረው እንደ ሊጥ ያሹት። በጣት መካከል የሚሻክርና ተጠቅልሎ የማይያዝ ከሆነ አሸዋ ይበዛዋል፤ እንደ እርጥብ ዱቄት የሚለሰልስ ግን ቀጭን ሆኖ ሲጠቀለል የሚበጣጠስ ከሆነ ደለል ይበዛዋል፤ እንደ ክር ተጠቅልሎ ቀለበት የሚሠራና እጅ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ሸክላነቱ ያመዝናል። ገበሬው ለአፈሩ የሚሰጠውን ስም፣ ዋልካም ይሁን መረሬ፣ ከእርስዎ መለያ ጎን ይጻፉት። ናሙናውን ከቦረቦሩ ግድግዳ ላይ በየንብርብሩ ለየብቻ ይውሰዱ እንጂ ከላይ እስከ ታች አንድ ላይ አይቀላቅሉት፤ ቦረቦሩ የሚናድበትን ምክንያት ብዙ ጊዜ የሚነግረን በሁለት ንብርብሮች መካከል ያለው ልዩነት ነውና። እያንዳንዱ ፌስታል ቀን፣ ቦታና ጥልቀት የተጻፈበት ወረቀት ከውስጥም ከውጭም ይኑረው፤ ከውጭ የተጻፈ ብቻ በመንገድ ላይ ይፋቃል።

የጠፋውን አፈር ከሜትር ኪዩብ ወደ ቶን ለመለወጥ እፍግታው፣ ማለትም በአንድ ሴንቲሜትር ኪዩብ ውስጥ ያለው የደረቀ አፈር በግራም የሚመዝነው ያስፈልጋል። ዲያሜትሩም ከፍታውም 5 ሴንቲሜትር የሆነ የብረት ቀለበት ይዘቱ 98 ሴንቲሜትር ኪዩብ ያህል ነው። ቀለበቱን ባልተነካ አፈር ውስጥ ሳይጨቁኑት አስገብተው በሁለቱም በኩል በቢላ ያስተካክሉና በቤተ ሙከራ በ105 ዲግሪ ሴልሲየስ ለ24 ሰዓት ያድርቁት። የደረቀው አፈር 118 ግራም ቢመዝን እፍግታው 1.2 ነው፤ ስለዚህ ከላይ ያገኘነው 75 ሜትር ኪዩብ ወደ 90 ቶን ይሆናል።

ስምንተኛ፦ ዝናቡን መመዝገብ

ከኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገኘው መረጃ ለረጅም ጊዜ ንጽጽር አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ጣቢያው ከቦረቦርዎ ራቅ ያለ ከሆነ፣ የክረምት ዝናብ በአንዱ ሸለቆ ጥሎ ሌላውን ስለሚዘል፣ በቦታው ላይ የራስዎ መለኪያ ይኑርዎት። አፉ 10 ሴንቲሜትር ዲያሜትር ያለው ማንቆርቆሪያ በጠርሙስ ላይ ገጥመው ከዛፍና ከግድግዳ ርቆ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ያድርጉ። የአፉ ስፋት 78.5 ካሬ ሴንቲሜትር ስለሆነ፣ 157 ሴንቲሜትር ኪዩብ ውሃ ከተጠራቀመ ዝናቡ 20 ሚሊ ሜትር ነው። በየቀኑ ጠዋት በ3 ሰዓት ይነበብ፤ ንባቡ ያለፈውን 24 ሰዓት ዝናብ እንደሚወክልም በመዝገቡ ራስጌ ላይ ይጻፍ።

ከሌሎች አገሮች መጻሕፍት የማናገኘው የእኛው የሆነ ወጥመድም እዚህ አለ። ሐምሌ 1 ቀን በጎርጎርዮሳዊው ጁላይ 8 ስለሆነ፣ «የሐምሌ ዝናብ» ብለን የመዘገብነውን ከጣቢያው የጁላይ ድምር ጋር ብናወዳድር የአንድ ሳምንት ዝናብ ከወር ወደ ወር ይሻገራል፤ የጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ቀናትም ወዳልታሰበ ቦታ ይገባሉ። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ «3፡00» የሚለው ጽሑፍ የጠዋት ሦስት ሰዓት ይሁን የሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ መሣሪያው በየትኛው አቆጣጠር እንደተሞላ ካልታወቀ አይለይም። ስለዚህ አንድ አቆጣጠር መርጠው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በሱ ይጽኑ፣ ከአንዱ አቆጣጠር ወደ ሌላው የሚደረገውንም ለውጥ በየቀኑ ደረጃ እንጂ በየወሩ ድምር ላይ አያድርጉ።

ዘጠነኛ፦ ቦረቦር የሌለበትንም ቦታ መለካት

በእኔ አስተያየት በተማሪ ጥናቶች ውስጥ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው። አጥኚው 15 ቦረቦሮችን ይለካል፣ 13ቱ ከመንገድ ቱቦ በታች ሆነው ያገኛቸዋል፣ ከዚያም ቱቦው ቦረቦርን ያስከትላል ብሎ ይደመድማል። ቱቦ ኖሮ ቦረቦር የሌለባቸው ስንት ቦታዎች እንዳሉ ግን አልቆጠረም፤ የሄደውም መንገድ መንገዱን ተከትሎ ስለሆነ ከመንገድ የራቁትን አላያቸውም። ይህን ለማረም በካርታው ላይ ፍርግርግ አስምረው ነጥቦችን በዕጣ ይምረጡ፤ ዕጣው የወደቀበትን ቦታ ሁሉ፣ የማይመች ቢሆንም፣ ሄደው ቦረቦር መኖር አለመኖሩን፣ ተዳፋቱን፣ ከላዩ ያለውን የተፋሰስ ስፋትና የመሬት አጠቃቀሙን በእኩል ጥንቃቄ ይመዝግቡ። ከዚያ ተዳፋቱን በአንዱ ዘንግ፣ የተፋሰሱን ስፋት በሌላው ዘንግ ላይ አድርገው ቦረቦር ያለባቸውን በአንድ ምልክት፣ የሌለባቸውን በሌላ ምልክት ይሣሉ። ተዳፋቱ ሲበረታ ቦረቦር ለመጀመር የሚያስፈልገው የውሃ መሰብሰቢያ ስፋት ያንሳል፤ ሥዕልዎ ሁለቱን ምልክቶች የሚለይ መስመር ካሳየ የአካባቢዎን ወሰን አግኝተዋል፣ ካላሳየ ደግሞ ሌላ ምክንያት ለመፈለግ የሚያበቃ ማስረጃ በእጅዎ አለ።

አሥረኛ፦ የስህተትን መጠን ማወቅ

የመጀመሪያዎቹን አምስት መስቀለኛ ገጾች በሌላ ሰው፣ የእርስዎን ቁጥር ሳያይ፣ እንደገና ያስለኩ። የጥልቀት ልኬታችሁ በ10 ሴንቲሜትር ቢለያይ፣ 2 ሜትር ጥልቀት ባለው ቦረቦር ላይ የ5 በመቶ ስህተት ነው፤ ከ90 ቶን ላይ 4.5 ቶን ማለት ነው። ስለዚህ «90.37 ቶን» ብሎ መጻፍ ያልተለካን ነገር እንደተለካ ማስመሰል ይሆናል። ከቦረቦሩ ራስ ግፊት ጋር በተያያዘም፣ በሳምንት ውስጥ የተመዘገበው ለውጥ ከልኬት ስህተትዎ ያነሰ ከሆነ «ለውጥ አልታየም» ብለው ይመዝግቡ። ደብተሩ በእርሳስ ይጻፍ፤ የተሳሳተው በአንድ መስመር ይሰረዝ እንጂ አይፋቅ፤ ማታ ማታም እያንዳንዱ ገጽ በስልክ ፎቶ ይነሣ።

አሥራ አንደኛ፦ ቁጥሮቹን ማንበብና መጻፍ

ወደ ስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ከመሮጥዎ በፊት የ16 ሳምንታቱን ዝናብና ግፊት በወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ ይሣሉት። አንድ ነጥብ ከሌሎቹ ርቆ ከተገኘ ወደ ደብተሩ ተመልሰው የዚያን ሳምንት ማስታወሻ ያንብቡ፤ ምናልባት ከብት ከንፈሩን ረግጦ አፍርሶት ይሆናል። አማካዩን ብቻ ሳይሆን ሚዲያኑንም፣ ማለትም ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለውን ያቅርቡ፤ የቦረቦር ግፊት ብዙ ጊዜ በአንድ ሁለት ከባድ ናዳዎች ስለሚመጣ አማካዩ ያልነበረ ዝግታ ያስመስላል። የሁለቱ ተለዋዋጮች ዝምድና ቢጠነክር እንኳ ከ16 ነጥቦች ስለ ደጋው አገር ሁሉ መናገር አይቻልም፤ ስለዚያ ቦረቦርና ስለዚያ ክረምት ግን በሙሉ ልብ መናገር ይቻላል። ዝናቡ በጣለበት ሳምንት ሳይሆን በቀጣዩ ሳምንት ግፊቱ የሚበረታ ከሆነም ይህንኑ ይፈትሹ፤ አፈሩ ውሃ ጠጥቶ እስኪከብድ ጊዜ ይወስዳልና።

በጽሑፉ ውስጥ የዘዴው ክፍል፣ ያላዩዎት ሰው ያንኑ ችካል አግኝቶ ያንኑ ልኬት ሊደግም እስኪችል ድረስ ይዘርዘር። ያገኙትንና ያገኙት ነገር ምን ማለት እንደሆነ የሚያስቡትን በተለያየ ክፍል ያስቀምጡ፤ የጠፉ ልኬቶችን ከነምክንያታቸው ይግለጹ፤ የችካሎቹን ነጥብ፣ የተጠቀሙበትን የካርታ መነሻ ሥርዓትና ጥሬውን የልኬት ሠንጠረዥ በአባሪ ያያይዙ። ከዚያም ጽሑፉ ከመታሰሩ በፊት ውጤቱን ይዘው ወደ ግጦሽ መሬቱ ይመለሱና ሲባጎ ሲይዙልዎት ለነበሩት እረኞችና ታሪኩን ለነገሩዎት ሽማግሌዎች እዚያው ከቦረቦሩ አጠገብ ቆመው ያስረዷቸው። ከችካሎቹ ውስጥ የትኞቹ ለሚቀጥለው ክረምት እንደሚቆዩም ከእነሱ ጋር ይስማሙ።